ዶሮዋ ከአልጋ ሥር፣ ሕፃኑ ከወለል ላይ

ከሮዝቪል፣ ሚኒሶታ

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ልጆቼን ይዤ ስቴት ፌር ሄጄ ነበር። በመንትያ ከተሞች የሚኖር አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ይህ ትልቁ የሚኒሶታ ገበሬዎች ትርዒት የሚካሄደው ለእኛ ለሮዝቪሎች የጎረቤት ግቢ በምትመስለው በፋልከን ሃይትስ ነው። ልጆች መቼም የእንስሳቱን አዳራሽ ሳያዩ አይመለሱምና ከአንዱ ወደ ሌላው ሲጎትቱኝ ዋሉ። የአራት ዓመቷ ልጄ አንዲት ጫጩት ዳስሳ እጇን ወደ አፏ ልትወስድ ስትል፣ አጠገባችን የቆሙ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ አስቆሟትና የውሃውን ቧንቧ አሳዩን። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይነካ ይሻላል፤ ከነካም በሳሙና ይታጠብ" አሉኝ።

ሳቄ መጣ። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ከዶሮ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ተኝቼ፣ አውራ ዶሮ ጆሮዬ ሥር እየጮኸ ቀስቅሶኝ ያደግሁ ሰው ነኝ። "እኛ መች ሞትን?" የሚለው መልስ ከአፌ ሊወጣ ትንሽ ነበር የቀረው። መኪናዬ ዘንድ ሳልደርስ ግን ሳቁ ከፊቴ ጠፋ። አንደኛ፣ ከእናታችን ልጆች መካከል ሁለቱ ጡት ሳይጥሉ መሞታቸው ትዝ አለኝ። ሁለተኛ፣ በዚያው ሳምንት ከእህቴ ጋር በስልክ የተነጋገርነው ትዝ አለኝ።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው እዚያው ተወልደን ባደግንበት ቀበሌ ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ ልጇን በወለደች ሰሞን፣ "ገንዘቡ እንዲሁ ከሚበላ የሚረባ ነገር ይሁን" ብዬ ለዶሮ መግዣ ላክሁላት። እርስዋም ደኅና ደኅናውን መርጣ አሥራ ሁለት የፈረንጅ ቄቦች ገዛች። እኔም እዚህ ለወዳጆቼ "እህቴን ባለ ዶሮ እርባታ አደረግኋት" እያልሁ ስኩራራ ከረምሁ። ታዲያ በዚያ ሳምንት ስደውልላት ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

"ጋሼ፣ ይህ ልጅ አላድግ አለኝ።"

"ምን ሆነ? አይበላም?"

"ይበላል። ግን ያስቀምጠዋል፤ ሻል ይለዋል፤ ደግሞ ያስቀምጠዋል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ጤና ጣቢያ ወስጄ ባስለካው 79 ሳንቲ ሜትር ነው አሉኝ። ከእሱ በኋላ የተወለደችው የጎረቤት ልጅ በልጣዋለች።"

ያን ዕለት "እግዜር ያሳድገው፤ እንቁላሉን አብዝተሽ ስጪው" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከስቴት ፌር በተመለስሁ ማታ ግን መልሼ ደወልሁ። በፊት ያልጠየቅኋትን ጠየቅሁ።

"ዶሮዎቹ የት ነው የሚያድሩት?"

"የት ያድራሉ? ከአልጋችን ሥር ነዋ! ውጭ ባሳድራቸው ሸለምጥማጡ መች ይተውልኛል?"

ስለ 79 ሳንቲ ሜትር

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 87 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ81 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ቀንጭሯል ይባላል። መቀንጨር ማለት አጭር መሆን ብቻ አይደለም። በሕይወቱ የመጀመሪያ ሺህ ቀናት፣ ማለትም ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት፣ ልጁ በምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ ሕመም ሲጎዳ የአካሉም የአእምሮውም ዕድገት ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚካስ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አይካስም።

ይህን ችግር ክፉ የሚያደርገው አለመታየቱ ነው። የከሳ ልጅ ያስታውቃል፤ በክንዱ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ቢጫ ወይም ቀይ ያሳያል። የቀነጨረ ልጅ ግን ክንዱ አረንጓዴ ላይ ሊውል፣ ጉንጩም ሞላ ብሎ ሊታይ ይችላል። ደግሞ ግማሹ የመንደሩ ልጅ የቀነጨረ ከሆነ ማንን ከማን ጋር ታስተያያለህ? በ2000 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአገራችን ከመቶ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 ወርዷል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ የሠሩትን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን በ2016ቱ ጥናት በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ማለት ነው። መንግሥት በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ባወጣው ዕቅድ መቀንጨርን በ2030 አጠፋለሁ ብሏል።

ዶሮ ከዚህ ጋር ምን አላት?

በ2016 ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ዴሬክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን፣ በገጠር ኢትዮጵያ ያሉ ዶሮ አርቢ ቤተሰቦችን የሚመለከት ጥናት አሳተሙ። ያገኙት ነገር ለእኔ ቢጤው ዶሮ ላኪ ትምህርት ነው። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ዶሮ ከሌላቸው ይልቅ በቁመት ከፍ ብለው ተገኙ። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ነገር ግን ዶሮዎቹ ማታ ማታ ሰው በሚተኛበት ቤት የሚያድሩ ከሆነ የልጆቹ ቁመት መልሶ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ዶሮ በማርባት የተገኘውን ያህል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። አንድ እጅ የሰጠውን ሌላው እጅ ይነጥቃል። እንዲህ ያለ ጥናት መያያዝን እንጂ መንስዔን ለብቻው አያረጋግጥም፤ ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ ከዚያ አያልፉም። ሆኖም ነገሩ በሌሎች መንገዶች ሲፈተሽ ጥርጣሬው አልቀለለም።

ልጅ ያሳደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መዳህ የጀመረ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ በአፉ ነው የሚመረምረው። በ1990 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ዳርቻ፣ ዶሮ ልቅ በሚለቀቅባቸው ድሃ ቤቶች ውስጥ ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው ሕፃናትን ሲመለከቱ ዋሉ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ልጅ በአማካይ አራት ጊዜ ያህል የዶሮ ኩስ ወደ አፉ ያስገባ ነበር። በዚምባብዌ ገጠርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አንዲት ግራም ኩስ በውስጧ በሚሊዮን የሚቆጠር የሰገራ ባክቴሪያ ትይዛለች። ይህን ለእህቴ ስነግራት ዝም አለችና "ወለሉን እኮ በየቀኑ እጠርጋለሁ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ትጠርጋለች፤ በእበት ትለቀልቃለች። ግን ዶሮ እናት ጠርጋ እስክትጨርስ ቆማ አትጠብቅም።

ከዶሮ ጋር ከሚመጡት ተሕዋስያን ዋናው ካምፓይሎባክተር የሚባለው ነው። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከሰው ከፍ ያለ ስለሆነ ይህ ባክቴሪያ በአንጀቷ ውስጥ ተመችቶት ይኖራል። እርስዋን አያሳምማትም፤ ስለዚህ ጤነኛ የምትመስል ዶሮ ናት የምታስተላልፈው። ፈንግል ሲገባ መንጋው ያልቃል፣ ባለቤቱም ያያል። ካምፓይሎባክተርን ግን የሚያይ የለም።

የኃረማያ ዩኒቨርሲቲ ከፍሎሪዳና ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ በምሥራቅ ሐረርጌ ያደረገው ምርምር በ2021 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 16 ወር የሆኑ 102 ሕፃናት ከአምስት ቀበሌዎች ተመርጠው ሰገራቸው ሲመረመር ግማሾቹ ካምፓይሎባክተር ይዘው ተገኙ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ታመው ሐኪም ቤት የመጡ ልጆች አይደሉም፤ በየቤታቸው ያሉ ናቸው። ከመቶው 41ዱ ቀንጭረዋል። ከግማሾቹም አንጀታቸው መጎዳቱን የሚያሳይ ምልክት ተገኝቷል።

ይህ የአንጀት ጉዳት ምን እንደሆነ እዚህ በነርስነት የምትሠራ አንዲት የአገር ልጅ እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ በርኖስ ጸጉራም ነው። ምግብ የሚመጠጠው በነዚያ ጸጉሮች በኩል ነው። ሕፃኑ ከቀን ወደ ቀን ቆሻሻ ሲውጥ፣ ባያስቀምጠው እንኳ፣ አንጀቱ ሁልጊዜ እንደ ተቆጣ ይኖራል። ጸጉሩ ያልቃል፣ በርኖሱ ይላጣል። ያን ጊዜ እናት እንቁላሉንም ወተቱንም ብትሰጥ ከገባው ውስጥ ብዙው ሳይመጠጥ ያልፋል፤ የቀረውንም ሰውነቱ ተሕዋስያኑን ለመዋጋት ያቃጥለዋል። "እንቁላሉን አብዝተሽ ስጪው" ያልሁት እኔ፣ በተቀደደ ከረጢት እህል ሙዪ እንዳልኋት ያህል ነው።

በአልጋ ሥር የሚያሳድረው ምንድን ነው?

ከእኛ ወገን አንዳንዱ ይህን ሲሰማ "ድንቁርና ነው" ብሎ ሊያልፈው ይዳዳዋል። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሮዝቪል ቡና ላይ ተሰብስበን ሳነሣው አንድ ወዳጄ ያለው ይህንኑ ነበር። አልስማማም። እህቴ አሥራ ሁለት ዶሮ ስትገዛ ለእርስዋ ትልቅ ሀብት ነው። ቀን ጭልፊት አለ፤ ማታ ሸለምጥማጥና የዱር ድመት አሉ፤ ከነርሱ የባሰ ደግሞ ሌባ አለ። የደጋው ብርድ ጫጩት ይፈጃል። የታቀፈች ዶሮ ጨለማና ጸጥታ ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ከግምት አስገብቶ አልጋ ሥር የሚያሳድር ሰው ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው። ከሒሳቡ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በዓይን የማይታይ ስለሆነ ነው።

ደግሞም ዶሮ ብቻዋን አትከሰስም። የኃረማያው ምርምር ከዶሮ ይልቅ ከከብትና ከሌሎች እንስሳት ጋር የሚዛመዱ የካምፓይሎባክተር ዝርያዎችንም አግኝቷል። በብዙ ቤታችን ጥጃውም ፍየሉም እዚያው ነው የሚያድረው።

እኔ ራሴ ከተወቃሾቹ ነኝ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር አሥራ ስድስት ፓኬጅ የሚባል ነበረው፤ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ከቤት ቤት እየዞሩ መጸዳጃ ስለ መቆፈር፣ እጅ ስለ መታጠብ፣ ክትባት ስለ ማስከተብ፣ እንስሳትን ከመኖሪያ ቤት ስለ መለየት ያስተምሩ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ገና ጀማሪ ጋዜጠኛ ሳለሁ፣ "ሞዴል" የተባለ አንድ ቤተሰብ እንድጎበኝ ተላክሁ። መጸዳጃው ተቆፍሯል፣ ደጁ ላይ የተበሳ ጄሪካን ተሰቅሏል፣ አመድ በጣሳ ተቀምጧል። ሁሉን ጻፍሁ። ገብተን ስንቀመጥ አንዲት ዶሮ ከአልጋው ሥር ብቅ አለች። "ዶሮዋም እንግዳ ልትቀበል ወጣች" ብዬ ጽፌ አንባቢ አሳቅሁ። አዘጋጁም ወደደው። ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ሕፃን ግን አልጻፍሁትም።

"ታዲያ ለይቶ ማሳደር ነዋ!"

መልሱ ቀላል ይመስላል። እንዲያ ቢሆን ጥሩ ነበር። እዚያው ፔሩ ውስጥ በ2006 የታተመ ሙከራ አለ፤ ለአንዳንድ ቤተሰቦች የዶሮ አጥር ተሠራላቸው፣ ለሌሎቹ አልተሠራም። አጥር በተሠራላቸው ቤቶች የሕፃናት የካምፓይሎባክተር ተቅማጥ ይቀንሳል ሲባል ጨመረ! ለምን ቢባል፣ እኔ እንደሚገባኝ ኩስ በአንድ ቦታ ሲከማች፣ አጥሩም ለቤቱ ቅርብ ሲሆን፣ ልጅም እንደ ልቡ ሲገባበት፣ መርዙን ሰብስቦ እንደ ማስቀመጥ ይሆናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ።

ሌላም አለ። በ2018 እና በ2019 በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተደረጉ ታላላቅ ሙከራዎች ውጤት ወጣ። መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያና የውሃ ማከሚያ መስጠት ብቻውን የልጆችን ቁመት አልጨመረም። ብዙ ባለሙያ ደንግጧል። ከዚያ የተወሰደው ትምህርት ንጽሕና አይጠቅምም የሚል አይደለም፤ ትንሽ ንጽሕና አይበቃም፣ ሕፃኑ በሚድህበት ወለል ላይ ያለው የእንስሳት እዳሪ እስካልተነካ ድረስ ዋናው በር ክፍት ነው የሚል እንጂ። በሲዳማ ከእንግሊዝ አገር ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆነው ሕፃኑን ከወለሉ የሚለይ የመጫወቻ አጥር ሠርተው ሞክረዋል። አሳቡ ግልጽ ነው፦ ዶሮዋን ማጠር ካልተቻለ ልጁን ማጠር።

እንግዲህ ዶሮው ይሸጥ? እኔ አልልም። በ2017 በኢኳዶር የታተመ ጥናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል የበሉ ሕፃናት ዕድገት በግልጽ መሻሻሉን አሳይቷል፤ በማላዊ ሲደገም ግን ያ ውጤት አልተገኘም። በአገራችንም የተሻሻሉ ዶሮዎች በተሰጧቸው መንደሮች የተደረገ ሙከራ በ2020 ታትሟል፤ የልጆቹ ቁመት ጨምሯል፣ ሕመማቸውም አልባሰም። ዶሮ ለእናት የራሷ ገንዘብ ናት። ባል ሳይጠየቅ እንቁላል ተሽጦ ጨውና ሳሙና ይገዛል። እንዲያውም ችግሩ እንቁላሉ ተሽጦ የልጁ አፍ መቅረቱ ነው። በጾም ወራት ደግሞ ዕቃው በፍስክ እንዳይነካ ተብሎ ለሕፃኑም ሳይሠራለት ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጹም አላለችም።

ስለ ራሳችን ማድቤት አንድ ነገር ሳልል ባልፍ አዳልቼ ይሆናል። ያ ካምፓይሎባክተር እዚህም ከሱቅ በምንገዛው ጥሬ ዶሮ ላይ አለ። እኛ ደግሞ አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥተን በሎሚና በጨው እያሸን፣ ውሃ እየለዋወጥን ማጠብ የባሕላችን ነው። በ2019 የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ያስጠናው እንደሚያሳየው፣ ዶሮ ካጠቡት ሰዎች ውስጥ በስድሳ በመቶው ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ወደ ሰላጣቸው አሻግረውታል። እናቶቻችንን "አትጠቡ" ብሎ የሚደፍር ካለ ይንገራቸው፤ እኔ አልችልም። ግን ሰላጣው አስቀድሞ ይሠራ፤ ውሃው አይረጭ፤ ገንዳው በኋላ በበረኪና ይታጠብ፤ ልጆች በዚያ ሰዓት ከማድቤት ይውጡ። ወጡ እስኪበስል ድረስ ሲንተከተክ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ፤ ጣጣው ከወጡ በፊት ያለው ነው።

ፈረንጆቹ ስለ ዶሮ የሚጨነቁት ደግሞ በከንቱ አይደለም። በ2015 የወፍ ጉንፋን ሚኒሶታ ገብቶ ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ተርኪና ዶሮ አልቋል። በዚያ ዓመት ስቴት ፌር ላይ አንዲት ሕያው ዶሮ አልታየችም።

የተነጋገርነው

ከእህቴ ጋር ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ያህል አውርተናል። እንደ ልብ አይደለም፤ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱም ስልኩም አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ድሮ እንደምትመጣው አትመጣም። ስለዚህ የምትለውን ማን ይበል? እኔው በስልክ እላለሁ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። የዶሮዎቹ ቤት ከመኖሪያው ቤት ራቅ ብሎ፣ ግን ሌሊት ውሻው ሲጮኽ በሚሰማበት ርቀት ይሠራል። ከመሬት በወገብ ያህል ከፍ ይላል፤ ወለሉ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ የተረበረበ አጣና ስለሚሆን ኩሱ ወደ ታች ይወድቃል፣ ሸለምጥማጡም አይገባም። ከሥሩ አመድ ይነሰነሳል። በየሁለት ቀኑ ተዝቆ ከጓሮ በተቆፈረ ጉድጓድ ይገባል፤ ሲበሰብስ ለጎመንና ለድንች ነው። ጉድጓዱ በእሾህ ይታጠራል። የሚዝቀው ልጁን የማይመግብ ሰው ይሁን አልሁ፤ "እሱማ አባቱ ነዋ" አለች። እኔም ሳቅሁ፤ እሱ ግን ተስማምቷል። ቀን ዶሮዎቹ ሲለቀቁ ልጁ በሰሌን ላይ ይቀመጣል፤ ሰሌኑ በየቀኑ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከመብላቱ በፊት እጁ በሳሙና ይታጠባል፤ ሳሙና ከሌለ በአመድ። በሳምንት ከሚጣለው እንቁላል ውስጥ አራቱ ለእርሱ ነው፤ ቅርጫቱ ለገበያ ከመቆጠሩ በፊት ይነሣል። የሚያስቀምጠው ከሆነ ደግሞ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ከጤና ጣቢያ ትወስዳለች፤ ይህን እርስዋ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ለአጣናና ለምስማር የሚሆን ላክሁ። ለክዳኑ ቆርቆሮ ልላክ ስል "ቆርቆሮ ሌባ ይጠራል፤ በሣር እከድነዋለሁ" አለችኝ። በመስከረም ቤቱ አለቀ። ዶሮዎቹ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማታ አንገባም ብለው ከአልጋው ሥር ሊገቡ በሩን ሲታገሉ አመሹ። በአራተኛው ማታ ገቡ። በሁለተኛው ሳምንት መዝጊያው ሳይቀረቀር አድሮ ሸለምጥማጥ ሁለቱን ወሰደ። ያን ቀን ስትደውልልኝ፣ አልደብቅም፣ "ጋሼ፣ አንተ ባትናገር ኖሮ" ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለችም። "ቁልፍ ግዛልኝ" ነው ያለችው።

ባለፈው ሳምንት ስንነጋገር ልጁ ከጀርባዋ ይጮኽ ነበር። ከመስከረም ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጦታል። ቁመቱ ገና አልተለካም፤ ለጥምቀት ወደ ከተማ ስትወጣ ጤና ጣቢያ ይዛው ትሄዳለች።